ያልበቀለ ትልም

ሬሳው በፋብሪካው «ጋን አራት» በተባለው ታንከር ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ብረቱ ግድግዳ ላይ አስደግፏል። ከላይ ሆኖ ለሚያየው፣ ሥራ የበዛበት ሰው ጥቂት አረፍ ያለ ይመስላል። ጣቶቹ ግን ሌላ ይናገራሉ። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል። ከፊቱ ግድግዳው ላይ የተጋገረው አተላ፣ ሰው ዘሎ ከሚደርስበት ከፍታ ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ ተቧጭሯል።

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ባትሪዋን አበራች። ሃምሳን ያለፈች፣ አጭር፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። በጣቢያው «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ስለምታስቀር።

ከጋኑ አፍ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ድምፅ እያስተጋባ ወረደ።

«ወይዘሮ መርማሪ፣ እባክዎ ይውጡ፤ አየሩ ይጎዳዎታል! ነገሩ የታወቀ ነው። ሰውየው ደንብ ጥሶ ገባ፣ ታፈነ፣ ሞተ። ሪፖርቱ ተጽፏል፤ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

«ሬሳው ሳይወጣ ሪፖርቱ ወጣ?»

«ነገ ከበላይ ኮሚቴ ይመጣል። ጉዳዩ ተዘግቶ ቢጠብቃቸው ለሁላችንም ይሻላል።»

በሥራ ዘመኗ ጉዳይ ቶሎ እንዲዘጋ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይታለች። ሁሉም ትሑት ናቸው።

ፋብሪካው ከበቆሎ ነዳጅ ያወጣል። ከተከፈተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የቆመውም በመንግሥት ድጎማ ነው። የተፈጨው በቆሎ፣ ሠራተኞቹ «ጋን» በሚሏቸው አራት ትልልቅ የብረት ታንከሮች ውስጥ ይብላላል። ሲብላላ የሚወጣውን አየር «ትንፋሽ» ይሉታል። ትንፋሹ ከባድ ነው፤ እንደ ውኃ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው አያስጠነቅቅም፤ ያገኘውን ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ ይጥላል፤ መብራትም ያጠፋል። ሟቹ የዚህ ክፍል ኃላፊ ነበር። ዕድሜውን ብቅል ሲያበቅል፣ ጥንስስ ሲጠብቅ ስለኖረ ሰው ሁሉ «ጋሽ ብቅሉ» ይለዋል።

መርማሪዋ ፋኖሱን አየች። ከሟቹ ጎን ቆሟል። ክሩ ነዷል፤ ላምባው ግን ገና ግማሽ ነው። ቀጥላ ቦት ጫማዎቹን አየች። የቀኙ ሶል አተላ ጠግቧል። የግራው ሶል ንጹሕ ነው። ባትሪዋን ወደ ወለሉ መለሰች። ሟቹ አተላውን ሲፍቅ ከነበረበት ጥግ እስከ ግድግዳው ድረስ ዱካው ተስሏል፤ ቀኙ የጫማ ነው፣ ግራው አምስት ጣቱ የሚታይ ባዶ እግር።

«አሃ» አለች።

የግራውን ጫማ ቀስ ብላ አወለቀች። እግሩ አተላ በአተላ ነው፤ የጫማውም ውስጥ እንዲሁ።

ወደ መሰላሉ ተመልሳ የመሰላሉን እግሮች በእጇ ዳሰሰች። መሰላሉ የቆመው በፍሳሹ ቀዳዳ በኩል ነው። አተላው ውስጥ፣ ለዓይን በማይታይ ቦታ፣ ሁለት ያረጁ የብረት ጉጦች አሉ፤ የመሰላሉ ሁለት እግሮች ልክ እነሱ ላይ አርፈዋል። ዞር ብላ አየች። ከተቧጨረው ግድግዳ ሥርም አተላው ላይ ሁለት ጉድጓድ አለ፤ መሰላል ቆሞ የተነሣበት።

ጣሪያው ላይ መካኒኩ ቆሞ ይጠብቃታል። ጉጠት ከኪሱ ስለማይጠፋ ስሙም «ጉጠት» ሆኗል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እትዬ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ልጥራቸው ብዬ። ሰንበት ስለሆነ ሠራተኛ የለም። ጋሽ ብቅሉ ለነገው ኮሚቴ ጋኑን ሊፍቁ መጡ፤ እኔ ማሽን ቤት ነበርኩ። እዚያ ደግሞ ከጩኸቱ የተነሣ የራስህን ሳል አትሰማም።»

«ወርደህ ነበር?»

«ወረድኩ እንጂ! መሰላሉ እንደቆመ አገኘሁት፤ አናቱ ተንሸራቶ አንገቴን ሊሰብረኝ! ብነካቸው ቀዝቅዘዋል።»

«ትንፋሹ አንተን ለምን ማረህ?»

«የታችኛዋ በር ክፍት ነበረች። የፍሳሽ በር ናት፤ ድመት ብታልፍባት ነው፤ የምትከፈተውም ከውጭ ነው። ትንፋሹ በእሷ ፈሶ አልቋል።»

«ግራ ጫማ የሚያወልቅ ሰው አለ እዚህ?»

ጉጠት ሳያስበው ፈገግ አለ።

«የኛ ሕግ ነዋ! ጋን የሚገባ ሰው ግራ ጫማውን እዚህ መዘውር ላይ ያንጠለጥላል። ይቺ መዘውር ከጋን ሦስት የሚመጣውን ቧንቧ ትከፍታለች። ጋን ሦስት አሁን ሞልቶ እየፈላ ነው፤ ቢከፈት ትንፋሹ ወደዚህ ይገባል። ጫማ ያለበትን መዘውር የሚነካ የለም፤ ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ ነው አሉ። ደግሞ አተላ ባዶ እግር ያሳክካል፤ ጋሽ ብቅሉ ‹የሚያሳክክ እግር ሰነፍን ያስቸኩላል› ይሉ ነበር።» ፈገግታው ጠፋ። «ዛሬ መዘውሩ ላይ ጫማ የለም። ሥራ አስኪያጁ ‹ደንብ ጣሰ› የሚለው ለዚህ ነው። እኒያ ሰውዬ ደንብ የሚጥሱ! የማይመስል ነገር!»

በጋኑ አፍ ጠርዝ ላይ፣ ከተቧጨረው ግድግዳ በኩል፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ወፍራም ቀለበት ተበይዷል። መርማሪዋ በጫማዋ ጫፍ ነካችው።

«ይህስ?»

«የመሰላሉ መንጠቆ መያዣ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት መሰላሉ በፍሳሹ በኩል ተንሸራቶ አንድ ሰው እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ጋሽ ብቅሉ ይህን በየዱት። አሁን ሁላችንም በዚህ በኩል ነው የምንወርደው።»

መርማሪዋ ሬሳው እንዲወጣ አዘዘችና ወደ መጋዘኑ ሄደች።

መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጥግ ላይ ካሉት ጥቂቶች በቀር እያንዳንዱ ጆንያ ላይ «የተበላሸ» የሚል ቀይ ማህተም አለ። ማህተሙን የምትመታው የጥራት ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት፤ ገበሬዎቹ «ባለማህተሟ» ይሏታል፤ ሲሏትም ይተፋሉ። መርማሪዋ ከአንዱ ጆንያ ጥቂት ፍሬ አውጥታ አሸተተች፤ አንዷን ነከሰች። ቀጭ አለች።

«ይህ በምን ተበላሸ?»

«መመሪያ ነው፣ እትዬ።»

«ነቀዝ የለው፣ ሻጋታ የለው። መመሪያ ነው የበላው?»

ልጅቷ በሩን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«ሕጉ ሰው የሚበላው እህል ነዳጅ አይሁን ይላል። ድጎማው የሚመጣው ለተበላሸ እህል ብቻ ነው። ፋብሪካውን የሚያጠግብ የተበላሸ እህል ደግሞ ከየት ይምጣ? ገበሬው እህሉን ያውቃል፤ አያበላሽም።»

«ስለዚህ በማህተም ታበላሹለታላችሁ። እሱም ግማሽ ዋጋ ይዞ ይገባል።»

«እኔ ልጅ አለኝ፣ እትዬ።»

«እነሱም አላቸው።»

ባለማህተሟ አቀረቀረች።

«ጥግ ላይ ያለው፣ ‹አንደኛ ደረጃ› የሚለውስ?»

«ጥቂት ነው። በሙሉ ዋጋ ይገዛል። በዘር ጊዜ ለገበሬው ተመልሶ ይከፋፈላል።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለነገው ስናስተካክል ነበር። አንድ ደቂቃ አልተለያየንም፤ ዕድሌ ሆኖ።»

ከበሩ ውጭ ገበሬዎች ተሰብስበዋል። በመካከላቸው፣ ጋሪ ላይ የቆመ ግዙፍ ሰው ይጮኻል። የማኅበራቸው ሊቀመንበር ነው። ገበሬዎቹ «ድምፃችን» ብለው ይጠሩታል፤ ድምፁም የሰው ሁሉ ድምፅ ተደምሮ የተሰጠው ይመስላል።

«እህላችንን በላ! አሁን ደግሞ ሰው በላ! ይህ ፋብሪካ ነው ወይስ ጅብ?»

መርማሪዋ በእጇ ጠቀሰችው። ወረደ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ! ‹እህላችን ተበላሸ ሲባል አፍህን ለጉመህ ታያለህ› ብዬዋለሁ። በሰው ፊት ነው ያልኩት። እኔ የምደብቀው የለኝም።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ማሳዬ ላይ ነዋ! ፋብሪካው ሲከፈት ሦስት ዓመት ጋን ፍቄላቸዋለሁ፤ ከወጣሁ አምስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ አጥሩን አላለፍኩም። አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ገዳዩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል!»

ሰዉ አጉረመረመ። መርማሪዋ ግን በሰንበት ለከብታቸው አተላ የሚቀዱ ሰዎች ከኋላ ባለው በር እንደፈለጉ ሲገቡና ሲወጡ አይታለች። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

የሟቹ ቤት ከፋብሪካው አጥር ጋር የተያያዘ፣ ባለ ሁለት ክፍል የፋብሪካ ቤት ነው። ሚስቱ በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ አላለቀሰችም። እጇ ላይ አንድ ወረቀት ጨብጣለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ።»

«አሜን። አንብቢልኝ፤ ፊደል የለኝም።»

መርማሪዋ አነበበች። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ስለሞተ ቤተሰቡ ቤቱን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲለቅ ይላል።

«ሦስት ቀን» አለች ሴትየዋ። «ያ ሁሉ ዓመት ጋን ገብቶ የወጣ ሰው፣ እንደ ሕፃን ተሳስቶ ሞተ ብለሽ ልትፈርሚ ነው? ቤቱስ ይቅር፣ ጎጆ አላጣም። ስሙን ግን አታስነኪብኝ። ሌላ ምንም አልተወልኝም።»

«አልፈረምኩም። ሰሞኑን ምን ይል ነበር?»

«‹ነገ ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ› አለኝ። ‹በምን አፍህ? ማን ይሰማሃል?› ብለው፣ ‹እኔ አልናገርም፤ እህሉ ይናገራል› አለ። ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ደግሞ፣ ‹መጀመሪያ አንድ ሰው አግኝቼ ልንገረው፤ ራሱ ይናገር እንደሆነ። ከኋላው አልወጋውም› አለኝ።»

«ማንን?»

«ስም አልጠራም። የሰው ስም በክፉ አይጠራም ነበር፤ ሞኝ!» ሞኝ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። «ነይ፤ እህሉን ላሳይሽ።»

ከቤቱ ጀርባ ጠባብ ጓሮ አለ። አሥራ ሁለት ትልም ወጥቶበታል። በእያንዳንዱ ትልም ራስ ላይ ትንሽ እንጨት ተተክሏል፤ በጋለ ብረት የገበሬ ቅጽል ስም ተጽፎበታል። ጋሽ ብቅሉ ሚዛን ላይ ከሚወጣው እህል፣ ከየገበሬው ጆንያ እፍኝ እፍኝ እየወሰደ መቶ መቶ ፍሬ ዘርቷል። የብቅል ሰው ነው፤ የሞተ እህል አይበቅልም፣ ሕያው ይበቅላል። ሌላ ፍርድ አያውቅም።

አሥራ አንዱ ትልም ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። አንደኛው ግን እንደ መላጣ ራስ ባዶውን ቀርቷል። መርማሪዋ አፈሩን በጣቷ ጫረች። ፍሬዎቹ ጠቁረው፣ ተቦርቡረው ወጡ። የትልሙን እንጨት ነቀለች፤ ስሙን አነበበች፤ ኪሷ ከተተችው። ወደ ፋብሪካው ስትመለስ እርምጃዋ ፈጥኖ ነበር፤ መጀመሪያ የገለጠችው የመጋዘኑን የግዥ መዝገብ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ጋን አራት ጣሪያ ላይ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል፤ ባለማህተሟ ጥፍሯን ትበላለች፤ ጉጠት የጠርዙን መደገፊያ ብረት ተደግፏል። የሟቹ ሚስት ነጠላዋን አጥብቃ ቆማለች። ድምፃችን ሲጠራ «ከአምስት ዓመት በኋላ!» እያለ ደረጃውን ወጣ። ገበሬዎቹ ከታች አንጋጠዋል። ሁለት ፖሊሶች ደረጃው ሥር ናቸው። መሰላሉ ከጋኑ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ተጋድሟል።

«ባትሪዬን ታች ረስቻለሁ» አለች መርማሪዋ። «ድምፃችን፣ አንተ ጋን ታውቃለህ። እስቲ መሰላሉን አስገባልኝ።»

«እኔ የእናንተ አሽከር ነኝ እንዴ?» አለና ሳቀ። ሆኖም ጎንበስ ብሎ መሰላሉን እንደ ላባ አነሣው፤ በጋኑ አፍ አስገባው። አላቅማማም። ወደ ፍሳሹ በኩል አወረደው፤ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረገው። እግሮቹ ጉጦቹ ላይ ሲያርፉ ከታች ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ።

«ይበቃል። አውጣው። አሁን አንተ ጉጠት።»

ጉጠት መንጠቆውን ቀይ ቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ አወረደው።

«እርስዎስ?»

ሥራ አስኪያጁ መሰላሉን በሁለት እጁ ታቀፈው፤ ከጋኑ አፍ ጋር አጋጨው፤ ኮቱን ቀደደው። ከታች አንድ ገበሬ «ወረቀት መሰለው!» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ከዚህ በኋላ ከታች የሳቀ የለም።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ ብቅሉ በራሱ ጥፋት አልሞተም። ፋኖሱ ግማሽ ላምባ እያለው ጠፍቷል። ሲወርድ ይነድ ነበር ማለት ነው፤ አየሩ ደኅና ነበር። ትንፋሹ የመጣው ከወረደ በኋላ ነው። በራሱ ግን አልመጣም፤ ይህን መዘውር ሰው አዞረው።»

«ጫማ ስላላንጠለጠለ ነዋ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰው መኖሩን ያላወቀ ሰው በስህተት…»

«አንጠልጥሏል። ታች ያለው ግራ ዱካው የባዶ እግር ነው። የግራ ጫማው ሶል አተላ አልነካውም፤ የጫማው ውስጥ ግን ተበላሽቷል። ጫማውን ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው አጠለቀለት። ያ ሰው ጫማውን ከመዘውሩ ላይ በእጁ አንሥቶ ነው ያዞረው። ሰው መኖሩን ያውቃል። መሰላሉንም ስቦ አወጣ። ብቅሉ ፋኖሱ ሲጠፋ አየ፤ መሰላሉ ወደነበረበት ሮጠ፤ መሰላል የለም። የቧጨረው ያን ግድግዳ ነው።»

የሟቹ ሚስት ዓይኗን ጨፈነች።

«ገዳዩ ከዚያ የታችኛዋን በር ከፈተ፤ ትንፋሹ እስኪፈስ ጠበቀ። ትንፋሽ የማይፈራ ሰው ነው፤ ያውቀዋል። ከዚያ ‹ደንብ ጥሶ ሞተ› እንዲባል ጫማውን ሊያጠልቅለት ወረደ። ሲወርድ ግን ተቻኮለ። የቸኮለ ሰው በራሱ አያስብም፤ እጁ ነው የሚያስብለት። እጁ መሰላሉን ያቆመው በፍሳሹ በኩል፣ አተላ ውስጥ በተቀበሩ ሁለት ጉጦች ላይ ነው። እነዚያን ጉጦች ዓይን አያያቸውም። ከሁለት ዓመት ወዲህ የመጣ ሰው መኖራቸውንም አያውቅም። ጉጠት በቀለበቱ ያወርዳል። ሥራ አስኪያጁ መሰላል መያዝም አይችሉም። ባለማህተሟ ከእሳቸው አልተለየችም። ያለ ዓይን ያገኛቸው አንድ ሰው ነው፤ አሁን በፊታችሁ አገኛቸው።»

ሁሉም ወደ ድምፃችን ዞሩ። ግዙፉ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«ጋን ስለፈቅኩ ገዳይ ልባል? እኔ ለምን ብዬ? ስለ ገበሬው መብት ከእኔ በላይ የጮኸ ማነው?»

«የለም። ለዚህም ነው ማንም ጆንያህን ያላየው።» እንጨቱን ከኪሷ አወጣች። «ብቅሉ የአሥራ ሁለት ገበሬዎችን እህል ዘርቷል። ‹የተበላሸ› የተባለው የአሥራ አንዱ በቅሏል። ‹አንደኛ ደረጃ› የተባለው የአንዱ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ አልበቀለለትም። ስሙን ጉጠት ያንብብ።»

ጉጠት እንጨቱን ተቀበለ።

«‹ድምፃችን› ይላል።»

ከታች አንዲት አሮጊት ገበሬ በዝግታ ተናገረች፤ ዝግታዋ ከጩኸት ይከፋ ነበር።

«የበሰበሰ እህልህን በሙሉ ዋጋ ሸጥህ፤ እሱኑ መልሰው ለእኛ በዘር ሊያድሉን? እኛ ደግሞ ሳንጠረጥር ልንዘራው?»

«ዝም በይ!» ድምፃችን የመደገፊያውን ብረት ጨበጠ። «ምን ላድርግ? እናንተ ጮኻችሁ ምን አገኛችሁ? እኔ ቢያንስ ተቀመጥ ተባልኩ፣ ወንበር ተሰጠኝ፤ ለበላይ እንዳልከስ ሙሉ ዋጋ ተከፈለኝ! ብቅሉን ለመንኩት። ‹ተወው፣ እኔ አስተካክላለሁ› አልኩት። ‹ነገ አንተ ራስህ ተናገር፣ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። አብሬህ እቆማለሁ! ሰዉ ቤቴን ከነልጆቼ ሲያቃጥለው አብሮኝ ሊቆም!»

«ይቆም ነበር» አለች የሟቹ ሚስት።

ግዙፉ ሰው ፖሊሶቹ ሲይዙት አልታገለም፤ ድምፁ ብቻ ከላዩ የተገፈፈ መሰለ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንኳን ገዳዩ ተገኘ። የእህሉ ነገር እንግዲህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ከሞቱ ጋር ማያያዝ…»

«ጋኑን የጠነሰሰው ማን ሆነና!» መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «እሱ መዘውሩን አዞረ። የሚያዞርበትን ምክንያት የሰጠኸው አንተ ነህ። የሰው ቀለብ በማህተም ገደልክ፤ የሚመሰክርብህ እህል ሲበቅል ደግሞ በሦስት ቀን ቤቱን ልቀቁ አልክ!»

ባለማህተሟ ከአንገቷ ላይ ማህተሙን ፈታችና መርማሪዋ እጅ ላይ አኖረችው።

«ያዘዘኝ እሱ ነው። ነገ ኮሚቴው ፊትም እላለሁ። ቃሌን ጻፊው።»

መርማሪዋ አሮጌውን ሪፖርት ለሁለት ቀደደች። ጉልበቷ ላይ ንጹሕ ወረቀት ዘርግታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበች ጻፈች። ጋሽ ብቅሉ ሥራውን በደንቡ እየሠራ ሳለ በሰው እጅ ተገደለ። የተገደለውም የሚበላ እህል «የተበላሸ» እየተባለ ነዳጅ መደረጉን፣ የበሰበሰው ደግሞ በሙሉ ዋጋ መገዛቱን ሊመሰክር ስለነበረ ነው። በዕለቱ ጥፋት አልሠራም።

«ደግመሽ በይው» አለች ሚስቱ። «የመጨረሻውን።»

«ጥፋት አልሠራም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ወደ ሥራ አስኪያጁ ዘረጋች።

«ቀጣሪው መሥሪያ ቤት አይቶ መፈረም አለበት። ከዚያ አንተም ከእኔ ጋር ወደ ጣቢያ ትወርዳለህ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ታች አየ። ገበሬዎቹ ደረጃውን ከበዋል። እስክሪብቶውን አወጣ፤ አንዲት ጠማማ ጭረት ጭሮ ወረቀቱን ሊመልስ ሲል፣ የሟቹ ሚስት እጁን ያዘችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ፊርማዬ ነው።»

«እኔ ፊደል የለኝም፤ ጭረት ግን አውቃለሁ። ባሌ ግድግዳው ላይ የተወው እሱን ነው። አንተ ስምህን ጻፍ፤ ሙሉውን፤ ከነአባትህ።»

ጎንበስ ብሎ ጻፈ። እሷ እስኪጨርስ ድረስ እጁን አለቀቀችም።